በእጅ የተቀረጸ የዌስተርን ቆዳ፦ ለሽያጭ ሲሠራ ቆዳው፣ ቀለሙ፣ ልባሱና ስፌቱ እንዴት ይመረጥ?

በአሜሪካ ምዕራብ ወግ ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳ ወይም የቢላ አፎት እየቀረጹ ለመሸጥ የሚነሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ቆዳ ይገዛሉ፣ ቀጥሎ ማህተሞች (እርጥብ ቆዳ ላይ እየተመቱ ቅርጽ የሚያወጡ መሣሪያዎች)፣ ከዚያ ቀለም። የመጨረሻው ልባስ፣ ማለትም ቆዳውን ሸፍኖ የሚጠብቀው ቅብ፣ የሚታሰበው ቅርጹ ካለቀ በኋላ ነው። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚደርስበት ይታወቅ፦ ላብ፣ ዝናብ፣ መታጠፍ ወይስ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ? ከዚያ ልባሱ ይወሰን፣ ልባሱ ቀለሙን ይወስናል፣ ቀለሙም ቆዳውን። እያንዳንዱ ንብርብር ከሥሩ ካለው ጋር መስማማት አለበት፤ ያልተስማማው የሚታወቀው ደግሞ ሰባት ሰዓት የፈጀ ቅርጽ ላይ ነው።

ለሽያጭ የሚሠራ ሰው አሥረኛውን ቀበቶ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርጎ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ከሁለት አማራጭ ይበልጥ የሚያምረውን ትተን ሳይበላሽ የሚደገመውን የመረጥንበት ቦታ ብዙ ነው።

ቆዳው

ማህተም የሚይዘው በእፅዋት ታኒን፣ ማለትም ከዛፍ ቅርፊትና ከመሰለው በሚወጣ ማልፊያ፣ የለፋ የከብት ቆዳ ነው። ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ሲመታ ይሰረጉዳል፣ ሲደርቅ የተመታውን እንደያዘ ይጠነክራል። በክሮም ጨው የለፋው ይህ ጠባይ የለውም፤ ማህተሙ ሲነሳ ቆዳውም አብሮ ይነሳል። ክሮም ቦታው ገበር ላይ ነው፣ እዚያም ቢሆን ጠርዙ ላይ ችግር ያመጣል።

የአሜሪካ ነጋዴዎች ውፍረትን በአውንስ ይለካሉ፤ 1 አውንስ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ገበር ለሌለው ቀበቶ ከ8 እስከ 9 አውንስ ይበቃል። ገበር ላለው ደግሞ የሚቀረጸው ከ6 እስከ 7፣ ገበሩ ከ3 እስከ 4 አውንስ ይሁን። የኪስ ቦርሳ ውጫዊ ገጽ ከ3 እስከ 4 አውንስ ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን ቆዳ ሲመታ ይለጠጣል፣ መጠኑም ይዛባል። ከመቅረጽ በፊት በሥጋው ገጽ ላይ ካርቶን የሚታሸግበትን ሰፊ ፕላስተር መለጠፍ ያንን ይገታል፤ ሥራው ሲያልቅ ፕላስተሩ በቀስታ ይላጣል።

ከከብቱ አካል ለቀበቶ የሚሆነው ከአከርካሪው ጋር ትይዩ የተቆረጠ የጀርባ ቆዳ ነው። ትከሻው ለቦርሳና ለመሸፈኛ ይሆናል። ሆዱ ልል ስለሆነ ቀበቶ ቢወጣበት በአጭር ጊዜ ውስጥ ይለጠጣል፤ እሱን ለቀለም ሙከራ ያስቀምጡት።

ግማሽ ቆዳ ይሻላል ወይስ የተዘጋጀ የቀበቶ ቁራጭ? በወር ጥቂት ቀበቶ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ቁራጩን ይግዙ። በካሬ ጫማ ሲሰላ ይወደዳል፣ ነገር ግን የማይሸጥ ሆድና እግር አብሮ አይመጣም። የሚሠሩት ዓይነት ሲበዛ፣ ማለትም ከቀበቶው ጎን ቦርሳና አፎት ሲጨመር፣ ግማሽ ቆዳው ያዋጣል፤ ትርፍራፊው ሁሉ ቦታ ያገኛልና።

ከታወቁት የአሜሪካ ቆዳ ፋብሪካዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ1881 በሴንት ሉዊስ የተመሠረተው ሄርማን ኦክ እና በ1867 በቶሮንቶ ተመሥርቶ ኋላ ወደ ፔንሲልቬንያ የተዛወረው ዊኬት ኤንድ ክሬግ ይገኛሉ። የሁለቱንም ጥራት የሚያደንቁ ቀራጮች ብዙ ናቸው። የእኛ ምክር አንዱን ይዞ መቆየት ነው። ከተለያየ ፋብሪካ የመጣ ቆዳ ዘይትም ቀለምም በእኩል አይጠጣም፤ ከአንዱ ቀበቶ ከሌላው አፎት ሠርተው እንደ ጥንድ ቢሸጡ ልዩነቱን መጀመሪያ የሚያየው ገዢው ነው።

እርጥበት፦ በስፖንጅ ብቻ ወይስ በላስቲክ አሳድሮ?

ለትንሽ ቁራጭ በስፖንጅ ማርጠብ በቂ ነው። ለቀበቶና ለትልቅ ሽፋን ግን ማሳደሩን እንመርጣለን። ቆዳው በእኩል ይረጥባል፣ ቀለሙ መመለስ እስኪጀምር ይጠበቃል፣ ከዚያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ያድራል። ጠዋት ላይ እርጥበቱ እስከ ውስጥ ድረስ እኩል ሆኖ ስለሚገኝ ለብዙ ሰዓት ሳይቋረጥ ይሠራበታል። ላዩ የተፈጥሮ ቀለሙን ይዞ፣ ጉንጭ ላይ ሲደረግ ከቀዘቀዘ ጊዜው ደርሷል። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ተጠቅልሎ የቆየ ቆዳ ይሻግታል፤ ማቆየት ግድ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ።

ልኩን የሚናገረው ማህተሙ ራሱ ነው። በቢላ የተቆረጠውን መስመር አንድ ጎን በቤቨለር (የቁርጡን አንድ ጎን ዝቅ የሚያደርግ ማህተም) ሲጫኑ የተጫነው ቦታ ጠቆር ያለ ቡናማ ከሆነ እርጥበቱ ልክ ነው። ውኃ ወደ ላይ ከወጣ በጣም ረጥቧል፤ ቅርጹ ሲደርቅ ይነሳል። ማህተሙ ፈዛዛ ምልክት ብቻ ከተወ ደግሞ ደርቋል። እጅና መሣሪያ ከብረት ብናኝ የጸዳ ይሁን፦ ብረትና ታኒን በውኃ ሲገናኙ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ገና ትኩስ የሆነውን ነጠብጣብ የሎሚ ጭማቂ ብዙ ጊዜ ያነሳዋል።

ስለ መሣሪያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የስዊቭል ቢላ (በጣት እየተሽከረከረ የቅርጹን መስመር የሚቆርጥ ቢላ) ስለት የብረትም ይሁን የሴራሚክ፣ ቆዳው ላይ የሚጎተት ከሆነ ምርጫው ሳይሆን ስለቱ ነው የሚታረመው፤ ፖሊሽ በተቀባ ቆዳ ላይ እየደጋገሙ ማሸት ነው። የሚቆረጠው ጥልቀት ከውፍረቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ነው። ለቀበቶ ሲሶው ላይ ይቁሙ፣ ምክንያቱም ቀበቶ ይታጠፋል። ገንዘብ ካለ ከአሥር መካከለኛ ማህተም ይልቅ ሁለት ጥሩ ቤቨለርና አንድ ጥሩ የመደብ መውቂያ፣ ማለትም በአበቦቹ መካከል ያለውን ቦታ ዝቅ የሚያደርግ ማህተም፣ ይግዙ።

ቀለም፦ አራት መንገድ

ቅርጹ አልቆ ቆዳው አንድ ሙሉ ቀን ከደረቀ በኋላ ቀጭን የኒትስፉት ዘይት ይቀባል። ይህ ከከብት የእግር አጥንት የሚወጣ ዘይት ነው። ንጹሕ የሚለውን እንጂ ከማዕድን ዘይት ጋር የተደባለቀውን አይግዙ። ለአንድ ቀበቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በለምድ ቁራጭ፣ ከሁሉም አቅጣጫ በእኩል፤ ከዚያ 24 ሰዓት ይቆይ። የበዛ ዘይት ቅርጹን ያለሰልሳል፣ ከላዩ የሚመጣው ልባስም በደንብ አይይዝም። በዚህ ሥራ ውስጥ ከልክ በላይ ሆኖ ሊመለስ የማይችል ነገር ቢኖር ዘይት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ቆዳውን በተፈጥሮ ቀለሙ ትቶ፣ ከታች በምናየው ማገጃ ልባስ ላይ በአንቲክ ብቻ ማጥቆር ነው። አንቲክ የሚባለው ወፍራም ቅባት ሲሆን ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶ ከላይ ሲጠረግ ቅርጹን ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል። ዘይት የተቀባውን ቆዳ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ማዋል ወርቃማ ቀለም ይሰጠዋል፤ ቆዳው ከጊዜ በኋላ በራሱም ስለሚጠቁር ገዢው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ለጀማሪ የምንመክረው ይህን ነው፣ ስህተት የሚሆነው ነገር ከሁሉም ያነሰ ስለሆነ።

ሁለተኛው መደቡን ብቻ በትንሽ ቡሩሽ ቀለም መቀባት ነው። ውበቱ ትልቅ ነው፣ ሰዓት ግን ይበላል። በተለይ በዋዮሚንግ ከምትገኘው ሸሪደን ከተማ ስሙን ያገኘው፣ ኮርቻ ሠሪው ዶን ኪንግ ያስፋፋው ስልት ላይ አበቦቹ በተጠላለፉ ክብ ሐረጎች ውስጥ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ የሚቀባው መደብ በትንንሽ ቦታ የተከፋፈለ ነው። አንድ ጠብታ ቅጠል ላይ ከወደቀ አይወጣም፤ ቡሩሹ ግማሹ ብቻ ይጠመቅ፣ ከመደቡ መሐል ተጀምሮ ወደ ዳር ይገፋ። ዋጋው ላይ ለዚህ ሰዓት ካልተጨመረ ባይሠራ ይሻላል።

ሦስተኛው ሙሉውን ማቅለም ነው። በአልኮል የቀጠነ ማቅለሚያ በፍጥነት ይደርቃል፣ ስለዚህም መስመር ይተዋል፤ የዘይት ማቅለሚያ የሚባለው ቀስ ብሎ እኩል ይገባል። የትኛውንም ቢመርጡ በእጥፍ አቅጥነው ሁለት ጊዜ መቀባት አንድ ጊዜ ወፍራም ከመቀባት ይበልጣል። ሲደርቅ ንጹሕ ጨርቅ ምንም ቀለም ሳያነሳ እስኪወጣ ድረስ ይታሽ። ይህ እርምጃ ሲዘለል ነው ጥቁር ቀበቶ ነጭ ሱሪ የሚያበላሸው። ቀለሙ ያላለቀውን ሥራ ላዩ ላይ ልባስ ደርቦ ማፈን አይቻልም።

አራተኛው ለጥቁር ብቻ ነው፦ የብረትና የኮምጣጤ ውሁድ። ዘይቱ በአሴቶን ታጥቦ የወጣለት ቀጭን የብረት ሱፍ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ይገባል፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑ ጠብቆ አይዘጋ። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ አረፋው ሲቆም በቡና ማጥለያ ወረቀት ይጠለላል። ከታኒኑ ጋር ተዋሕዶ ቆዳውን በደቂቃዎች ውስጥ ያጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ላዩ ላይ የተቀመጠ ቀለም ስላልሆነ ልብስ አይነካም። ቆዳው ግራጫ ሆኖ ከቀረ ታኒን አንሶታል፣ ቀድሞ ጠንካራ ጥቁር ሻይ መቀባት ይረዳዋል። በመጨረሻ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ይታጠባል። ዘይት የሚቀባው በዚህ መንገድ ከጠቆረና ከደረቀ በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። ጥቁር ብቻ ለሚሸጥ ሰው ይህን ከማቅለሚያ በፊት እናስቀድማለን። ብቸኛ ቅድመ ሁኔታው የተለየ ጠረጴዛና የተለየ ጓንት ነው፤ አንድ ጠብታ ያልተቀለመ ቆዳ ላይ ቢወድቅ ያ ቁራጭ ጥቁር ከመሆን ሌላ ዕድል የለውም።

ማገጃ ልባስና አንቲክ

አንቲክ ባዶ ቆዳ ላይ ከተቀባ ሁሉንም ቦታ እኩል ያጠቁራል፤ አበባውና መደቡ አንድ ይሆናሉ። በመካከል ማገጃ ልባስ የሚገባው ለዚህ ነው። ዋናው ምርጫ በላከር (በማሟሚያ የቀጠነ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቫርኒሽ መሰል ልባስ) እና በአክሪሊክ መካከል ነው።

ላከር ሁለት ቀጭን ልባስ ሆኖ በለምድ ወይም በመርጫ ይደረጋል። ከሁለተኛው በኋላ ማደር አለበት። ከላዩ የሚመጣውን አንቲክ በንጽሕና ይለቃል፣ አበባው ላይ የሚታየው ብርሃንና ጥላም በላከር የሠራ ሰው እጅ ይበልጥ ጥርት ይላል። ጉዳቱ ትነቱ ነው፦ ተቀጣጣይ ነው፣ አየር የሚያልፍበት ቦታና የመተንፈሻ ጭንብል ይፈልጋል። መኖሪያ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ብቻውን ምርጫውን ይዘጋዋል።

አክሪሊክ በውኃ የሚሠራ ነው። በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1895 ጀምሮ የሚሠራው ፊብንግስ የተባለ ኩባንያ የሚያወጣው ሬዞሊን ከሁሉም በላይ የታወቀው ነው። ከጠርሙሱ እንዳለ መቀባት ግን ለብዙ ብልሽት ምክንያት ነው፤ ይወፍራል፣ አረፋ ይይዛል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ይቀጠን፣ ጠብ በማይል ስፖንጅ በአንድ አቅጣጫ ይለፍ፣ ያለፉበትን አይመለሱበት። በሁለቱ ልባሶች መካከል አንድ ሰዓት፣ ከአንቲኩ በፊት አንድ ሌሊት። ቸኩሎ የተቀባ አንቲክ ያልጠነከረ አክሪሊክ ውስጥ ገብቶ አበባውን ያደፈርሰዋል።

ከሁለቱ የትኛው? አየር ማስወጫ ያለው ክፍል ካለ ላከር፤ ከሌለ አክሪሊክ። አንቲኩም እንደዚያው ይመረጣል። በማሟሚያ የተሠራው፣ ፓስታ የሚባለው አንቲክ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለመጥረግ ጊዜ ይሰጣል። በውኃ የተሠራው ጄል ቶሎ ይይዛል፤ እሱን በትንሽ በትንሽ ቦታ ከፋፍሎ መሥራት ነው።

አጠራረጉ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነውና። ፓስታው በስፖንጅ እየተሽከረከረ እያንዳንዱ ቁርጥ ውስጥ እንዲገባ ይሞላል። ወዲያው በለምድ የበዛው ይነሳል። ቀጥሎ ጨርቅ አራት ጊዜ ታጥፎ ጠፍጣፋ ይደረግና መዳፍ ሙሉ እየተጫነ፣ ነገር ግን ጣት ሳይገፋ፣ ከዳር ወደ ዳር ይጠረጋል። ጨርቁ ጠፍጣፋ ከሆነ የሚነካው ከፍ ያለውን አበባ ብቻ ነው፤ ጣት ከገፋው ግን ወደ ቁርጡ ገብቶ ከዚያ ያለውን ጥቁር ያወጣዋል፣ መስመሩም ይገረጣል። ጨርቁ ሲጠቁር ወደ ንጹሑ ገጽ ይገልበጥ። አበባው ላይ ሽፍታ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ከቀረ ማገጃው እዚያ ቦታ አልያዘም ማለት ነው፤ በዚያ ቁራጭ ላይ የሚደረግ ነገር የለም፣ በሚቀጥለው ግን ማገጃው ሦስት ልባስ ይሁን።

አንድ ሌሊት ከደረቀ በኋላ የመጨረሻው ልባስ ይመጣል። ላከር ላይ የተቀመጠ አንቲክን በላከር በጨርቅ ማሸት ሁለቱንም ያሟሟቸዋል፤ ላከር ከተፈለገ ከሩቅ ቀለል ብሎ ይረጭ። ታን-ኮት የሚባለው ልባስ ለስለስ ያለ ድምቀት ይሰጣል፣ አበባው ላይ የቀረውን አንቲክም ያነሳል፤ ውኃ ግን አያግድም። አክሪሊክ ዝናብን ከሁሉም በተሻለ ይችላል። ለቀበቶና ለስልክ መያዣ የቀጠነ አክሪሊክ፣ ለደብተር ሽፋንና ለግድግዳ ሥራ ታን-ኮት እንመርጣለን። ለልጓምና ለሌላ የፈረስ ዕቃ ሁለቱንም አንመርጥም፦ በላብ የሚርስ ቆዳ በየጊዜው ዘይት መጠጣት አለበት፣ የተደፈነ ገጽ ደግሞ ዘይት አያስገባም።

ጠርዝ

በታኒን የለፋ ጠርዝ ታሽቶ ይለዝባል። ስለቱ በጠርዝ ማክበቢያ ይነሳል፣ በ220፣ በ400 እና በ600 የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ይቀለማል፣ በውኃ ወይም በትራጋካንት (ከእፅዋት የሚገኝ) ሙጫ እርሶ በእንጨት ወይም በሸራ እስኪሞቅ ይፈተጋል፣ በመጨረሻም ሰም። ሰም ከቀለም በፊት ከገባ ቀለሙ አይይዝም።

የጠርዝ ቀለም የሚባለው ወፍራም ልባስ የሚያስፈልገው በክሮም የለፋ ገበር ሲኖር ነው፣ እሱ ሲፈተግ አይለዝብምና። ሦስት ወይም አራት ልባስ ይፈልጋል፣ በየመካከሉ ይታሻል፣ በሚታጠፍ ቦታ ላይ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይላጣል። ለቀበቶ ገበሩን በታኒን ከለፋ ቆዳ አድርጎ ይህን ጣጣ ከመነሻው ማስቀረት ይሻላል።

ስፌት

አንድ ሜትር የሆነ ገበር ያለው ቀበቶ ዙሪያውን ሲሰፋ ሁለት ሜትር ያህል ስፌት አለው። በ3 ሚሊሜትር ርቀት 670 ገደማ ስፌት ማለት ነው። በሁለት መርፌና በወስፌ የሚሰፋ ሰው ለእያንዳንዱ 25 ሰከንድ ቢወስድ አራት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ለወፍራም ቆዳ የተሠራ የስፌት መኪና ያንኑ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

የእጅ ስፌት ጥንካሬው እውነት ነው፦ ሁለቱም ክሮች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ስለሚያልፉ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። በመኪና ስፌት ላይኛውና ታችኛው ክር የሚቆላለፉት ቆዳው መሐል ነው፤ አንድ ቦታ ሲበጠስ ከዚያ ወዲህ ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ አፎት፣ የዘለበት መታጠፊያና ጭነት የሚሸከም ቦታ በእጅ፣ የቀበቶ ዙሪያ በመኪና ቢሆን ያስኬዳል። ለእጅ የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ሰም የጠጣ የፖሊስተር ክር ይቁረጡ። መኪናው ውድ ነው፤ በወር ከአምስት ያነሰ ባለገበር ቀበቶ የሚሸጥ ሰው ገበር የሌለውን ወፍራም ቀበቶ ቢያቀርብ ስፌቱ የዘለበቱ መታጠፊያ ብቻ ይሆንለታል።

የቦርሳ ዳር በቆዳ ጥብጣብ መጥለፍ ለዓይን ደስ ይላል። ለድርብ ጥልፍ የዳሩን ርዝመት ሰባት እጥፍ ጥብጣብ ያስፈልጋል። ከካንጋሩ ቆዳ የተሠራው ቀጭን ሆኖ አይበጠስም፤ የጥጃው ርካሽ ነው፣ በየቀኑ ኪስ ውስጥ ሲታሽ ግን ቀድሞ ያልቃል።

ዋጋና ትዕዛዝ

ዋጋ ከሰዓት ይጀምራል። ለምሳሌ ቆዳ፣ ዘለበት፣ ክርና ልባስ 40 ዶላር፣ ሰባት ሰዓት በ25 ዶላር 175፣ ለኪራይና ለመሣሪያ 20 ቢሆን ቀበቶው የሚያስወጣው 235 ዶላር ነው። ሱቅ ከመሸጫው ግማሹን የሚወስድ ከሆነ መሸጫው 470 መሆን አለበት። በቀጥታ ለገዢ በ235 እየሸጡ ለሱቅ ማስረከብ አይቻልም፤ ከሁለቱ አንዱ መንገድ አስቀድሞ ይመረጥ።

አዘጋጅቶ መሸጥ ወይስ ትዕዛዝ መቀበል? ተደጋጋሚ ቅርጽ ያለውን፣ ለምሳሌ ቅርጫት የመሰለውን ማህተም፣ አዘጋጅቶ መደርደር ይቻላል። በአጭር ሰዓት ያልቃል፣ መጠኑም በጥቂት ቁጥር ይከፋፈላል። አበባና ስም ያለበት ሥራ ግን በትዕዛዝ ብቻ ይሁን፣ ቢያንስ ግማሽ ክፍያም ከመቆረጡ በፊት ይግባ፤ የሌላ ሰው ስም ያለበትን ቀበቶ የሚገዛ የለም። ለእያንዳንዱ ቀለም ከዚያው ቆዳ የተቆረጠ ናሙና ይኑር፣ በጀርባው ላይ ዘይቱ፣ ማቅለሚያው፣ ስንት ልባስ እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደደረቀ ይጻፍ። ገዢው የሚመርጠው ከዚያ ናሙና እንጂ ከፎቶ አይደለም።

የቀበቶ መጠን ከሱሪ ቁጥር አይወሰድ። ገዢው አሁን የሚታጠቀውን ቀበቶ ዘርግቶ፣ ዘለበቱ ከሚታጠፍበት ቦታ እስከሚጠቀምበት ቀዳዳ ድረስ ይለካ። ትልልቅ የዌስተርን ዘለበቶች ርዝመት ስለሚጨምሩ ዘለበቱ ራሱ በእጅ ሳይገባ ቆዳው አይቆረጥ። አምስት ቀዳዳ በአንድ ኢንች ርቀት ይበሳል፣ ልኩም ሦስተኛው ላይ ይውደቅ፤ በሁለቱም በኩል ሁለት ኢንች መላወሻ ይቀራል። የቅርጹ ንድፍ የሚሣለው ከዚህ ልኬት በኋላ ነው፣ አለዚያ ዋናው አበባ ቀዳዳ ላይ ይወድቃል።